ከቲማቲሙ ሥር ያለው ውሃ

ነገሩ የተጀመረው በወንዶች ጨዋታ ነው። በ1977 (ሌላ ካልተባለ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በካሊፎርኒያ ላትሮፕ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በኦክሲደንታል ኬሚካል ፋብሪካ የፀረ-ተባይ ክፍል የሚሠሩ ሰዎች እርስ በርስ ሲያወሩ አንድ ነገር ገረማቸው፤ እዚያ ክፍል ከገባ በኋላ ልጅ የወለደ ሰው እየጠፋ ነው። ስለ ፋብሪካ ሠራተኞች ጤና ዘጋቢ ፊልም ይሠሩ የነበሩ ባለሙያዎች ወሬውን ሰምተው ጥቂቶቹ እንዲመረመሩ አገዙ። ውጤቱ ሲመጣ ጨዋታው ጨዋታ መሆኑ ቀረ። ሐኪሞች ምርመራውን አስፍተው ሲያዩት፣ በክፍሉ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የቆዩት ወንዶች ዘራቸው ጨርሶ የጠፋ ወይም ሊጠፋ ጥቂት የቀረው ሆኖ ተገኘ። ሥራ ከጀመሩ ገና ወራት የሆናቸው ግን ጤነኞች ነበሩ።

በክፍሉ የሚቀመመው ኬሚካል ዲቢሲፒ ይባላል። የወይን፣ የኮክና የሙዝ ሥር የሚበሉ፣ በዓይን የማይታዩ የአፈር ትሎችን ለመግደል መሬት ውስጥ እየተወጋ የሚገባ ፈሳሽ ነው። አደገኛነቱን የሚጠቁም መረጃ አልጠፋም ነበር። አምራቾቹ ዳውና ሼል ያስጠኑት፣ ዲቢሲፒ የተነፈሱ የቤተ ሙከራ እንስሳት የዘር ፍሬ እንደሚኮሰምን የሚያሳይ ጥናት በ1961 ታትሟል። ላትሮፕ ላይ ሰዎች እስኪመረመሩ ድረስ ለአሥራ ስድስት ዓመት መደርደሪያ ላይ ነበር።

ካሊፎርኒያ በዚያው በ1977 አጠቃቀሙን አገደች። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ የፋብሪካ ሠራተኞች ደህንነት ታሪክ ሆኖ ይቀር ነበር። በ1979 ግን የክፍለ ግዛቱ ባለሙያዎች በሳን ዋኪን ሸለቆ ከሚገኙ ጉድጓዶች የውሃ ናሙና ወስደው ሲመረምሩ፣ አጠቃቀሙ ከታገደ ሁለት ዓመት የሆነው ኬሚካል ከመሬት በታች ቁጭ ብሎ አገኙት። በተከታዮቹ ዓመታት ዲቢሲፒ የተገኘባቸው ጉድጓዶች ከ2,000 በለጡ። የፍሬስኖ ከተማ ነዋሪው የሚጠጣውን ውሃ ከጉድጓድ ታወጣ ስለነበር ዋነኛዋ ተጎጂ ሆነች። ኬሚካሉ በቀዝቃዛና ጨለማ ውሃ ውስጥ ሲቀመጥ የሚፈርሰው በጣም በዝግታ ነው፤ እንደ ውሃው ሙቀት ግማሹ እስኪጠፋ አሥርት ዓመታት፣ ሲከፋም ከመቶ ዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል።

በዚያው በ1979 በአሜሪካ ሌላኛው ጫፍ፣ ከኒው ዮርክ ከተማ በስተምሥራቅ ባለችው ሎንግ አይላንድ፣ አልዲካርብ የተባለ የድንች ማሳ ፀረ-ተባይ ከመኖሪያ ቤት ጉድጓዶች ወጣ። እስከዚያ ድረስ በሙያው ሰዎች ዘንድ የነበረው እምነት የተደላደለ ነበር። ማሳ ላይ የተረጨ ነገር ወይ ይተናል፣ ወይ ይበሰብሳል፣ ወይ አፈር ይይዘዋል ይባል ነበር። የከርሰ ምድር ውሃ ንጹህ ነው የሚለው ቃል ለዘመናት የጸናው ማንም ጉድጓድ ውስጥ ፀረ-ተባይ ፈልጎ ስለማያውቅ ነው።

ይህን የአሜሪካ ታሪክ ያነሳሁት አሁን በእኛው አገር፣ በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ባሉት በመቂና በባቱ ዙሪያ ስላለው ውሃ ለመናገር ነው። ግን መጀመሪያ ኬሚካሉ እንዴት እንደሚወርድ ማየት ይሻላል፤ ብዙዎቻችን የምንፈራው የተሳሳተውን ነውና።

የሚሸተውና የሚሰርገው

እኛ አገር ፀረ-ተባይ ሲባል መጀመሪያ ስሙ የሚነሳው ዲዲቲ ነው። ለወባ ትንኝ ቤት ለቤት ሲረጭ የኖረ፣ አንዳንዱም እየሰረቀ ጫት ላይ የሚረጨው፣ በዓለም አቀፉ የስቶክሆልም ስምምነት የተገደበ ኬሚካል ነው። መጥፎነቱ አያጠያይቅም፤ በዓሣ ስብ፣ በከብት ወተትና በእናት ጡት ወተት ውስጥ ይጠራቀማል። ጉድጓድ ውስጥ የመግባት ችሎታው ግን ዝቅተኛ ነው። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ከሚሊግራም መቶኛ በታች ስለሆነ አፈር ላይ እንደተጣበቀ ይቀራል፤ ከተጓዘም ጎርፍ ከሚጠርገው ደለል ጋር ነው።

ከዚህ በተቃራኒ ሪዶሚልን እንይ። ቲማቲምና ድንች የሚያመርት ገበሬ ሁሉ ስሙን ያውቀዋል። ደመና ሲከብድና ቅጠሉ መጠቆር ሲጀምር የሚሮጥበት የዋግ መድኃኒት ነው። በውስጡ ካሉት ሁለት ንጥረ ነገሮች አንዱ ማንኮዜብ ነው፤ እርሱ ቅጠል ላይ ይቀራል። ሌላው ሜታላክሲል ሲሆን የተክሉን ደም ሥር ገብቶ እንዲዘዋወር ተደርጎ የተሠራ ነው። ተክል ውስጥ መዘዋወር የሚችለው ውሃ ውስጥ ስለሚሟሟ ነው፤ በአንድ ሊትር 8 ግራም ያህል ይሟሟል። ከዲዲቲ ጋር ሲነጻጸር ከሚሊዮን እጥፍ በላይ ማለት ነው። ለገበሬው ጥሩ መድኃኒት ያደረገው ጠባይ ራሱ ከዝናብና ከመስኖ ውሃ ጋር ወደ ታች የሚያወርደው ጠባይ ነው። የሚረጨውን ሰው ወዲያው አያስታውክም፣ አፍንጫ አይሰነፍጥም፤ ስለዚህ የሚፈራው ሰው የለም።

መሟሟት ብቻውን ግን ጉድጓድ አያደርስም። የላይኛው አፈር፣ ሥር ያለበትና ፍግ የበሰበሰበት ስንዝር ሁለት ስንዝር ክፍል፣ በጥቃቅን ሕያዋን የተሞላ ነው። እነርሱ ኬሚካሉን እየበሉ ይፈቱታል፤ የበሰበሰው ቅጠላ ቅጠልም ይዞ ያዘገየዋል። ከዚያ ንብርብር በሕይወት ያመለጠ ኬሚካል ወደ ታች በወረደ ቁጥር የሚበላው እየጠፋ፣ የሚይዘውም እየሳሳ ይሄዳል። ማሳው ላይ በሳምንታት ይጠፋል የተባለ መድኃኒት ከመሬት በታች ዓመታት ሊቆይ የሚችለው ለዚህ ነው። የሚፈርሰውም ቢሆን ሁልጊዜ ወደ ምንም አይለወጥም። ከእናት ኬሚካሉ ይልቅ የፍርስራሹ ልጅ ውሃ የሚወድ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

አሸዋማ አፈር ያሳልፋል፣ ጭቃ አፈር ይከላከላል የሚለውም ሙሉ እውነት አይደለም። የኛ ዋልካ አፈር በበጋ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በዚያ ላይ ተረጭቶ ድንገተኛ ከባድ ዝናብ ቢመጣ፣ ውሃው አፈሩ ውስጥ ሳይጣራ በስንጥቁ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የምስጥ መንገድና የበሰበሰ ሥር የተወው ቀዳዳም እንደዚሁ ነው።

ከሁሉም የሚያጥረው መንገድ ደግሞ የኬሚስትሪ ዕውቀት አይጠይቅም። በጀርባ የሚታዘለው መርጫ ጉድጓድ አፍ ላይ ይታጠባል፤ እጥቢው እዚያው ይደፋል። ጉድጓዱ ግንብ ወይም ክዳን ከሌለው ኬሚካሉ ምንም አፈር ሳያቋርጥ ቤቱ ይገባል።

ሦስት ቁጥር፣ አንድ ኬሚካል

ምን ያህሉ ይጎዳል? እዚህ ላይ ተቆጣጣሪዎች እርስ በርስ አይስማሙም፤ አለመስማማታቸውም ትምህርት አለው። አትራዚን የሚባለውን የበቆሎና የሸንኮራ አገዳ ፀረ-አረም እንውሰድ። በአውሮፓ ኅብረት የመጠጥ ውሃ ውስጥ የሚፈቀደው በሊትር 0.1 ማይክሮግራም ነው። በአሜሪካ 3 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ደግሞ አትራዚንን ከፍርስራሾቹ ጋር ደምሮ 100 ይላል። ከትንሹ እስከ ትልቁ ሺህ እጥፍ ነው።

የአውሮፓው ቁጥር በ1980 መመሪያ ሲወጣ የሐኪም ስሌት አልነበረም። የዚያን ጊዜ ቤተ ሙከራዎች ሊለኩት የሚችሉት ትንሹ መጠን እዚያ አካባቢ ስለነበረ፣ ሐሳቡ ባጭሩ የመጠጥ ውሃ ውስጥ ፀረ-ተባይ ምንም አይኑር የሚል ነበር። 0.1 ማይክሮግራም ማለት አንድ ግራም በአሥር ሚሊዮን ሊትር ማለት ነው፤ አሥር ሺህ ሊትር የሚጭን ቦቴ 1,000 ጊዜ ተመላልሶ የሚያመጣው ውሃ ውስጥ አንድ ግራም። የዓለም ጤና ድርጅት ቁጥር በተቃራኒው ከመርዝነት ጥናት ተነስቶ፣ አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ቢጠጣው ጉዳት አያደርስም ተብሎ የተሰላ ነው። አሜሪካ በሁለቱ መሃል ቆማለች።

እኔ ወደ አውሮፓው አደላለሁ፤ ምክንያቴም መርዙ በትንሹም ይገድላል ብዬ አይደለም። የጤናው ስሌት የሚሠራው አንድ ኬሚካል ለብቻው ተይዞ ነው፤ ከአንድ የአትክልት ማሳ ሥር ያለ ውሃ ግን አንድ ኬሚካል ብቻ አያገኘውም። ስሌቱ በአብዛኛው የሚነሳው 60 ኪሎ የሚመዝንና በቀን 2 ሊትር ከሚጠጣ አዋቂ ነው። 5 ኪሎ የሚመዝንና በጡጦ የሚያድግ ሕፃን በቀን ሦስት አራተኛ ሊትር ይጠጣል ተብሎ ይገመታል፤ በኪሎ ሲሰላ የአዋቂውን ከአራት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ዲቢሲፒን ያየ ሰው ደግሞ ስሌቱ ትክክል የሚሆነው መረጃው መደርደሪያ ላይ ካልተረሳ ብቻ መሆኑን ያውቃል።

ይሁንና ቁጥር መምረጥ ቀላሉ ሥራ ነው። ቁጥሩን አውጥቶ ጉድጓዱን የማይለካ መንግሥት 0.1 ጻፈ 100 ጻፈ ለውጥ የለውም።

ፈቃድ ሰጪውና ጉድጓዱ

ካሊፎርኒያ ከዲቢሲፒ የተማረችውን በ1985 ሕግ አደረገችው። የፀረ-ተባይ ብክለት መከላከያ ሕግ ይባላል። ብልሃቱ ያለው ፈቃድ ሰጪውን ከጉድጓዱ ጋር ማሰሩ ላይ ነው።

አምራቹ ኬሚካሉ በውሃ ምን ያህል እንደሚሟሟ፣ አፈር ምን ያህል እንደሚይዘው፣ በስንት ቀን እንደሚፈርስ የሚያሳይ መረጃ የማቅረብ ግዴታ ተጣለበት። የፀረ-ተባይ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ለእነዚህ ጠባዮች መለያ መስመር አወጣ፤ ለምሳሌ የመሟሟት መስመሩ በሊትር 3 ሚሊግራም ነው። በመንቀሳቀስም በመቆየትም መስመሩን ያለፈ ኬሚካል ተጠርጣሪዎች ዝርዝር ውስጥ ይገባል። በዚህ መስመር ዲዲቲ አይነካም፣ ሜታላክሲል ግን በመሟሟት በኩል በሺዎች እጥፍ ያልፋል።

ዝርዝሩ ራሱ የሚከለክለው ነገር የለም። የሚያስከትለው ፍለጋ ነው። መሥሪያ ቤቱ በዝርዝሩ ያሉትን ኬሚካሎች በጉድጓድ ውሃ ውስጥ እየሄደ የመፈለግ፣ ያገኘውንም ለሕግ አውጪው የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ኬሚካሉ ከተገኘና የወረደው በሕጋዊ የእርሻ አጠቃቀም መሆኑ ከታወቀ ነገሩ ይገለበጣል። አምራቹ በ30 ቀን ውስጥ ይሰማልኝ ብሎ ካልጠየቀ ፈቃዱ ይሰረዛል። ከጠየቀ ከፀረ-ተባይ ተቆጣጣሪው፣ ከጤና በኩልና ከውሃ ቦርዱ የተውጣጡ ሦስት ሰዎች ፊት ቀርቦ ያስረዳል። ከዚያ በፊት ማስረጃ የማምጣት ሸክም የነበረው ውሃው ተበከለብኝ በሚለው ላይ ነበር።

ሕጉን ፍጹም ማድረግ ግን አልፈልግም። አትራዚን፣ ሲማዚን፣ ብሮማሲልና ዲዩሮን ጉድጓድ ውስጥ ተገኝተው በዚህ ሂደት ያለፉ ቢሆኑም ገበያውን አልለቀቁም፤ በቅድመ ሁኔታ ታጥረው ቀሩ። ቅድመ ሁኔታው ግን እያደር ብልህ ሆነ። ከ1990 ጀምሮ በካሊፎርኒያ እርሻ ላይ የሚረጭ ፀረ-ተባይ ሁሉ የት፣ መቼ፣ ምን ያህል እንደተረጨ ለመንግሥት ይመዘገባል። ይህን መዝገብ ከአፈር ካርታና ከጉድጓድ ውጤት ጋር ሲያነባብሩት፣ ብክለቱ ያለው በአሸዋማው መሬት ብቻ እንዳልሆነ ታየ። ከሥሩ ጠንካራ ንጣፍ ያለው የብርቱካን መሬት ውሃ አያሰርግም፤ ዝናብ የጠረገው ፀረ-አረም ግን ጎርፍ ለማስወገድ ወደ ተቆፈሩ ማስረጊያ ጉድጓዶች ይገባና በዚያ በኩል ወደ ታች ይወርዳል። በ2004 የወጣው ደንብ ስለዚህ ሁለት ዓይነት ጥብቅ ቀጣና ለየ፤ የሚያሰርግና የሚያጎርፍ። ውሃው ከ70 ጫማ፣ ማለትም ከ21 ሜትር ገደማ ያልራቀበት ተጋላጭ መሬት በካሬ ማይል ተከፋፍሎ ካርታ ላይ ሰፈረ። በዚያ ውስጥ የሚረጭ ሰው ፈቃድ ማውጣት፣ ፈቃዱ ላይ የተጻፈውንም ማድረግ አለበት። አጠቃላይ ክልከላ ሳይሆን ለእያንዳንዱ መሬት የሚስማማ ሕግ ነው የወጣው።

ሒሳቡን የሚከፍለው ማነው የሚለው ግን እስከ ዛሬ በፍርድ ቤት የሚለይ ጉዳይ ነው። ሼልና ዳው በአንድ ወቅት ይሸጧቸው በነበሩ የአፈር ማጠኛዎች ውስጥ ትል የማይገድል፣ ከማምረቻው ሂደት ተርፎ የቀረ ንጥረ ነገር ነበር፤ አህጽሮቱ ቲሲፒ ነው። ገበሬው ሳያውቀው ከመድኃኒቱ ጋር ገዝቶ መሬቱ ውስጥ ወጋው። ካሊፎርኒያ ለቲሲፒ የመጠጥ ውሃ ገደብ ያወጣችው በ2017 ነው፤ በሊትር 5 ናኖግራም፣ ማለትም ከአውሮፓው አጠቃላይ ገደብ ሃያ እጥፍ የጠበበ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በ2016 መጨረሻ፣ ከፍሬስኖ አጠገብ ያለችው የክሎቪስ ከተማ ሼልን ከስሳ የ22 ሚሊዮን ዶላር ፍርድ አገኘች። ጠበቃ ማቆም ያልቻሉ ትንንሽ መንደሮች ማጣሪያውን የሚገዙት ከውሃ ቆጣሪ ሒሳብ ነው።

ከካሊፎርኒያው ይልቅ እኔን የሚያስቀናኝ የዴንማርክ አሠራር ነው። ዴንማርክ የምትጠጣው በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን የከርሰ ምድር ውሃ ነው። አየር ይሰጠዋል፣ በአሸዋ ያልፋል፤ ብዙውን ጊዜ ክሎሪን እንኳ አይገባበትም። ሌላ ማጣሪያ ስለሌላቸው ኬሚካሉን ጉድጓድ ሳይደርስ መያዝ ግድ ሆነባቸው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ጥቂት እውነተኛ የገበሬ ማሳዎችን መርጠው፣ የአሸዋውንም የጭቃውንም፣ ዙሪያቸውን መለኪያ ተከሉባቸው። ገበሬው በተፈቀደለት መጠንና ጊዜ ይረጫል፤ ባለሙያዎቹ ከአንድ ሜትር በታች የሚሰርገውን ውሃና ከሥሩ ያለውን ቅርብ የከርሰ ምድር ውሃ በተከታታይ ይመረምራሉ። ወደ ታች የወረደ ነገር ከተገኘ ውጤቱ በቀጥታ ወደ ፈቃድ ሰጪው ይሄዳል። ጭቃ አፈር በስንጥቅና በትል ቀዳዳ ከአሸዋው የባሰ ሊያፈስ እንደሚችል በዓመታት ልኬት ያሳዩት እነዚህ ማሳዎች ናቸው።

ከተለኩት ኬሚካሎች አንዱ ድንች ላይ የተረጨ ሜታላክሲል ነበር። በአሸዋማዎቹ ማሳዎች ፍርስራሾቹ ከ0.1 ማይክሮግራም በላይ ሆነው ከሥር ባለው ውሃ ውስጥ ተገኙ፤ ኬሚካሉም ከዴንማርክ ገበያ ወጣ። ያ የሪዶሚል አንዱ ግማሽ ነው።

ዴንማርክም ብትሆን ያልፈለገችውን አላገኘችም። ክሎሪዳዞን የተባለ የስኳር ቀይ ሥር ፀረ-አረም ከ1964 እስከ 1996 ተሸጦ ቀረ። ፍርስራሹ በብዙ የመጠጥ ውሃ ጉድጓዶች እንዳለ የታወቀው በ2017 ነው፤ ከዚያ በፊት በምርመራው ዝርዝር ላይ ስሙ አልነበረምና። ሰዉ ሃያ ዓመት ሙሉ ያላወቀውን ሲጠጣ ቆይቷል።

መቂ፣ ባቱ

ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ የሚወስደውን መንገድ ይዞ በጥር ወይም በየካቲት በመቂ በኩል ያለፈ ሰው ቲማቲሙን፣ ሽንኩርቱንና ጎመኑን ግራና ቀኝ ያየዋል። የሞተር ፓምፕ ድምፅ አይቋረጥም፤ ውሃው ከዝዋይ ሐይቅ፣ ከመቂ ወንዝ፣ አለዚያም እዚያው ማሳ ዳር ከተቆፈረ ጉድጓድ ይሳባል። ከከተማው ዋና መንገድ ላይ የግብርና ግብዓት ሱቆች ተደርድረዋል። ገበሬው የታመመ ቅጠል በእጁ ይዞ ይገባል፣ ሻጩ ያይለታል፣ ሁለት ሦስት ዓይነት መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ሁለቱን ቀላቅሎ መርጨት የተለመደ ነው። በስንት ቀን እንደሚረጭ ለሚጠይቀው ሰው የሚሰጠው መልስ እንደ ዝናቡና እንደ ገበያው ይለያያል። ቲማቲም ዋጋ ሲያወጣ ሰው ዋግን አይታገሥም። እኔ በዚህ ገበሬውን አልወቅስም። ወራት የለፋበትን ሰብል በቀናት የሚያጠፋ በሽታ ፊት የቆመ ሰው ስለ ከርሰ ምድር ውሃ እንዲያስብ ብቻውን ሊጠየቅ አይገባም፤ የቁጥጥር ሥራ የሚባለው ይህን በእርሱ ፋንታ ማሰብ ነው።

በሐይቁ ዙሪያ አፈሩ በብዙ ቦታ ቀላልና አሸዋማ ነው፤ ውሃውም ቅርብ ነው። የካሊፎርኒያን ካርታ እዚህ ብንዘረጋው ያለ ብዙ ክርክር ጥብቅ ቀጣና ውስጥ ይወድቃል። ከቅርቡ ውሃ ለመሸሽ ጠልቆ መቆፈርም ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ በስምጥ ሸለቆ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ተፈጥሮ ያስቀመጠችው ፍሎራይድ አለ፤ የሕፃናትን ጥርስ የሚያበልዝ፣ ሲከፋም አጥንት የሚያጎብጥ። ስለዚህ ከላይ ያለው ቅርብ ውሃ ተበላሽቷል ተብሎ የሚታለፍ ውሃ አይደለም፤ ለብዙ ቤተሰብ ያለው እርሱ ነው።

ሕግ የለንም ማለት ስህተት ነው። የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 በ2002 ዓ.ም. ወጥቷል። ያልተመዘገበ ፀረ-ተባይ ማስገባት፣ መሸጥና መጠቀም ይከለክላል፤ ለምዝገባውም የፈዋሽነት ብቻ ሳይሆን የደህንነት ማስረጃ ይጠይቃል። አዋጁ የመጣው በከባድ ትምህርት ላይ ነው። ለአንበጣ፣ ለተምችና ለወባ እየተባለ በዕርዳታም በግዢም የገባ፣ ጊዜው ያለፈበት ፀረ-ተባይ በመላ አገሪቱ መጋዘኖችና ሜዳዎች ተከማችቶ ቆጠራ ሲደረግ ሦስት ሺህ ቶን ገደማ ደርሶ ነበር። ከዚያ ውስጥ ከሺህ ቶን በላይ የሆነው በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት መሪነት ታሽጎ ፊንላንድ ድረስ ተጭኖ ሄዶ ተቃጥሏል። በርሜሎቹ የፈሰሱበት አፈር ግን አብሯቸው አልተጫነም።

ከአዋጁ በኋላ የተሠራ፣ ብዙ ያልተወራለት ሥራም አለ። በ2010 በኔዘርላንድ ድጋፍ በተጀመረ ፕሮግራም የኢትዮጵያ ባለሙያዎች ከዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ለምዝገባ የሚያገለግል የኮምፒውተር ስሌት አዘጋጁ። አንድ አዲስ ኬሚካል ፈቃድ ሲጠይቅ፣ በእኛው ዝናብና በእኛው አፈር ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይወርዳል ወይ የሚለውን አስቀድሞ የሚገምት ነው። ለከርሰ ምድር ውሃ ሦስት ዓይነት ቦታ ተመረጠ፤ በትንንሽ ወንዞች ዳር ያለ ደለላማ መሬት፣ ቅርብ ጉድጓድ የሚቆፈርበት የእሳተ ገሞራ አለት እና የስምጥ ሸለቆ ጠርዝና ቆላ። ስለ መቂ የሚያስብ ስሌት አለን ማለት ነው። ብዙ የአፍሪካ አገር የሌለው መሣሪያ ነው፤ ልንኮራበት ይገባል።

ስሌት ግን ግምት ነው። የተገመተውን ከእውነተኛው ውሃ ጋር የሚያስተያይ፣ ቢለያይ ደግሞ ፈቃዱን ወደኋላ የሚጠራ ግዴታ አዋጁን ከካሊፎርኒያው ሕግ ጎን ስናስቀምጠው ጎድሎ የሚታየው ክፍል ነው። የውሃው ወገን ደግሞ ሌላውን ነው የሚለካው። በ2016 በአገር አቀፍ የቤተሰብ ጥናት ውስጥ በሺዎች ከሚቆጠሩ ቤቶችና የውሃ ምንጮች ናሙና ሲወሰድ የተፈለገው በዋናነት ከዓይነ ምድር የሚመጣ ጀርም ነበር፤ ፍሎራይድም ታይቷል። ፀረ-ተባይ በዝርዝሩ አልነበረም። ምክንያቱ ይገባኛል። ጀርም ዛሬ ይገድላል፣ መንደር ውስጥ በትንሽ ሣጥን መሣሪያም ይለካል። የፀረ-ተባይ ናሙና በቡናማ ጠርሙስ ተቀድቶ፣ በበረዶ ሣጥን ተይዞ፣ ውድ መሣሪያና የሠለጠነ ሰው ወዳለበት ቤተ ሙከራ መድረስ አለበት። የአበባና የአትክልት ላኪዎች ለአውሮፓ ገዢ ሲሉ ምርታቸውን ያስመረምራሉ። ጽጌረዳዋ ውጤት አላት፤ ከአጠገቧ ያለው ጉድጓድ የለውም።

የመሥሪያ ቤቶቹ ድንበርም አያግዝም። ፈቃዱ በግብርና በኩል ነው፣ ጉድጓዱ በውሃ፣ ጠጪው በጤና፣ ብክለቱ በአካባቢ ጥበቃ። የካሊፎርኒያው ሦስት ሰዎች ያሉት ኮሚቴ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን እነዚህን ወገኖች አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ ኬሚካል ፊት ለፊት፣ በቀን ገደብ ያስቀምጣቸዋል። እኛ ከዚያ ሕግ አንድ ነገር ብቻ እንቅዳ ብባል እርሱን እመርጣለሁ። 0.1 ማይክሮግራምን ነገ ደረጃ ላይ ብንጽፈው የሚለካው እስኪመጣ ጌጥ ነው።

ከየት ይጀመር ለሚለው፣ አገሪቱን ሁሉ መመርመር አያስፈልግም። ወደ አገር የሚገባ ፀረ-ተባይ ሁሉ የማስገቢያ ፈቃድ ስለሚወስድ፣ የግብርና ባለሥልጣኑ በየዓመቱ ምን ያህል ኪሎ ምን እንደገባ ከመዝገቡ ማውጣት ይችላል። ያንን ዝርዝር በተዘጋጀው ስሌት ላይ ማሄድ፣ ብዙ የሚሸጡትንና በቀላሉ የሚሰርጉትን አሥር ኬሚካል ከነፍርስራሾቻቸው መለየት፣ ከዚያ በመቂና በባቱ መሃል ከተመረጡ ጥቂት ጉድጓዶች ዝናብ ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ ውሃ መቅዳት ይበቃል። ጉድጓድ አፍ ላይ መርጫ እንዳይታጠብ ማድረግ ደግሞ የማንንም ቤተ ሙከራ አይጠብቅም፤ የግብርና ልማት ሠራተኛውና የጤና ኤክስቴንሽኗ በዚህ ሳምንት ሊጀምሩት ይችላሉ።

የአሥሩ ስም ዝርዝር ሲወጣ ሪዶሚል ከላይ ሆኖ ቢገኝ አልገረምም።